«ፍሬን በጠሰ» ከማለታችን በፊት፦ የተሳቢን የአየር ፍሬን ስለ መለካትና ስለ ማስተካከል

ለከባድ መኪና አሽከርካሪዎች፣ ረዳቶች፣ የጋራዥ ባለሙያዎችና ባለንብረቶች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አሽከርካሪዎች፣ ረዳቶች፣ የሙያ ባልደረቦቼና ባለንብረቶች፣

በአገራችን መንገድ ላይ ከባድ መኪና አደጋ ባደረሰ ቁጥር በዜናም በመንደር ወሬም ቶሎ የሚነገረው ምክንያት «ፍሬን በጠሰ» ወይም «ፍሬን እምቢ አለው» የሚል ነው። አነጋገሩ ፍሬንን እንደ ገመድ ያየዋል፤ እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ደህና ሆኖ ቆይቶ ድንገት እንደሚበጠስ ነገር ያደርገዋል። ከሃያ ዓመት በላይ ከተሳቢ ሥር ተኝቼ ስሠራ ያየሁት ግን ሌላ ነው። በአየር የሚሠራ ፍሬን በአንድ ቀን ሲበጠስ ያጋጠመኝ ጥቂት ጊዜ ነው፤ በየጉዞው ሚሊሜትር በሚሊሜትር ሲያልቅ፣ ማንም ሳይለካው ወራት ሲያልፉና በመጨረሻ ቁልቁለት ላይ ጉድለቱ ሲገለጥ ያየሁት ግን እጅግ ብዙ ጊዜ ነው። እንዲህ ያለው ፍሬን ከመነሻው፣ ከጋራዡ በር ሲወጣ ጀምሮ ጎድሎ ነበር። ጉድለቱን ደግሞ በማስመሪያ ማየት ይቻላል፤ ዛሬ የምነግራችሁም ይህንኑ ነው።

አስቀድሜ ፍሬናችን የሚሸከመውን ሥራ ላሳያችሁ። ከጎሃ ጽዮን ተነስቶ እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው መንገድ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይወርዳል። ከጣርማ በር ዋሻ ጀምሮ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደውም ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ብርዳማ ቦታ ተነስቶ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ቆላ ያደርሳል። ከነተሳቢውና ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 390 ሜጋ ጁል ይጠጋል፤ ይህም ከ1,000 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ እስኪፈላ ድረስ ለማሞቅ የሚበቃ ሙቀት ነው። ከዚህ ከፊሉን ሞተሩና ነፋሱ ይወስዱታል፤ የቀረው በሙሉ የሚገባው ታምቡሮቹ ውስጥ፣ ማለትም ከጎማው ጋር አብረው በሚዞሩት የብረት ከበሮዎች ውስጥ ነው። ተሳቢው የድርሻውን ካልያዘ ደግሞ የእርሱም ድርሻ በዋናው መኪና ታምቡር ላይ ይጨመራል።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ፤ አሠራሩን ያልተረዳ ሰው ቁልፍ ይዞ ከመኪና ሥር ቢገባም የሚያስተካክለውን አያውቅምና። ኮምፕሬሰሩ አየሩን ጨምቆ ታንኮቹን ይሞላል። በእግራችን የምንረግጠው ፔዳል ቧንቧ እንደሚከፍት ሰው ነው፤ አየሩን ይለቃል እንጂ ራሱ ጎማ አይዝም። የተለቀቀው አየር በየጎማው ጫፍ ወዳለው ክብ ቻምበር ይሄድና በውስጡ የተወጠረውን የጎማ ዲያፍራም ይገፋዋል፤ ዲያፍራሙ ገፊውን ዘንግ፣ ዘንጉ አጀስተር የምንለውን ክንድ፣ ክንዱ ደግሞ ጫፉ ጠምዘዝ ያለውን የካም ዘንግ ያዞረዋል፤ ካሙም ሁለቱን የፍሬን ጫማዎች ከፍቶ በላያቸው የተለበጠውን ሸራ ከታምቡሩ ጋር ያጣብቀዋል። በብዛት የምናገኘው ቻምበር 30 ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የዲያፍራሙን የመግፊያ ስፋት በካሬ ኢንች ይነግረናል። ይህ ቻምበር በ6 ባር አየር ሲገፋ ከ1,100 ኪሎ ግራም ክብደት የሚበልጥ ኃይል ይሰጣል።

ኃይሉን የሚሰጠው ግን ዘንጉ በተወሰነ ርቀት ውስጥ እስከሄደ ድረስ ብቻ ነው። የመደበኛው 30 ቁጥር ቻምበር ዘንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሄድ የሚችለው 64 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን ለሥራ የሚፈቀደው ወሰን 51 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ ባለፈ ዲያፍራሙ ወደ ቻምበሩ ግድግዳ እየተጠጋ ስለሚሄድ የሚገፋው ኃይል በፍጥነት ይወድቃል፤ ጥቂት ሚሊሜትር ሲጨመር ደግሞ ዘንጉ የጉዞው መጨረሻ ላይ ይደርስና አየር ቢበዛም ባይበዛም ሸራው ላይ የሚደርስ ነገር አይኖርም። 24 እና 20 ቁጥር ቻምበሮች ወሰናቸው 45 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ረጅም ጉዞ ያለው 30 ቁጥር ደግሞ እስከ 64 ሚሊሜትር ይፈቀድለታል፤ መለያውም የአየር መግቢያው አፍ ዙሪያ አራት ማዕዘን ሆኖ መሠራቱ ነው። በአንድ አክስል ላይ ሁለቱን ዓይነት ቀላቅሎ መግጠም አንደኛው ጎማ ሲይዝ ሌላው እንዲዘገይ ያደርጋልና ፈጽሞ አይገባም።

በዚህ ላይ ሙቀት ሲጨመር ምን እንደሚሆን አስቡ። ዲያሜትሩ 420 ሚሊሜትር የሆነ የብረት ታምቡር ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሲጨምር 1.4 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ታምቡሩ ከሸራው በሸሸ መጠን ካሙ ተጨማሪ መዞር አለበት፣ የአጀስተሩ ክንድም ረጅም ስለሆነ በሸራው ላይ የታየችው አንዲት ሚሊሜትር በገፊው ዘንግ ላይ ተባዝታ ወደ አንድ ሴንቲሜትር ልትጠጋ ትችላለች። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ፣ በጠዋት ብርድ፣ ዘንጉ 52 ሚሊሜትር የሚሄድ ፍሬን ጎማውን ይይዛል፤ ሹፌሩም ሞክሮት ደህና ነው ብሎ ይነሳል። ያው ፍሬን ከጣርማ በር በታች ታምቡሩ ሲግል 60 እና 62 ውስጥ ይገባል፤ የቀረው ኃይል እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም።

ይህን ደግሞ ፔዳሉ አይነግረንም። በዘይት የሚሠራ የትንሽ መኪና ፍሬን ሲበላሽ ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል፣ እግራችን ያውቀዋል። የአየር ፍሬን ፔዳል ግን አጀስተሩ በደንብ የተስተካከለ ቢሆንም፣ ወሰኑን አልፎ ቢላላም ለእግር ያው ነው። የአየር መለኪያው ሰዓትም 8 ባር ቢያሳይ በታንኩ ውስጥ ያለውን አየር ተናገረ እንጂ በስድስተኛው ጎማ ላይ ያለውን ዘንግ አላየውም። ስለዚህ ጎንበስ ብሎ ከማየትና ከመለካት ውጭ ሌላ መንገድ የለም።

ተሳቢው የባሰ የሚጎዳው ለምን እንደሆነ አንድ የራሴን ገጠመኝ ልንገራችሁ። አንድ ሹፌር የመኪናውን የኋላ ሸራ በሰባት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ አስቀየረ። የመጀመሪያውን የቀየርኩለት እኔ ነበርኩ፤ ዋናውን መኪና ብቻ ይዞ መጥቶ ስለነበር ተሳቢው የት እንዳለ እንኳ አልጠየቅሁትም። ሁለተኛውን ሌላ ጋራዥ ሠራለት፤ ሸራው ጥራት የለውም ተብሎ ውድ የሆነ ተገዛ። ሦስተኛ ጊዜ ወደ እኔ ሲመለስ ታምቡሩ በሙቀት ሰማያዊ ሆኖ፣ ፊቱም በቀጫጭን ስንጥቅ ተሸፍኖ ነበር። ያን ቀን ተሳቢውን ይዞ እንዲመጣ ለመንኩት። ሦስት አክስል፣ ስድስት ጫፍ፤ አንድ በአንድ ለካሁ። አራቱ ከ55 እስከ 60 ሚሊሜትር ይሄዳሉ። አንዱ ዲያፍራሙ ተቀዶ አየሩን ፉት ብሎ ያወጣል። በትክክል የሚይዘው አንድ ብቻ ነበር። ሰውየው ከጅቡቲ የተጫነ ዕቃ ይዞ፣ አንድ ጎማ ብቻ በሚይዝ ተሳቢ እየተገፋ ለወራት ተመላልሷል፤ ፔዳሉን ሲረግጥ የመኪናው ፍጥነት ስለሚቀንስለት አንድም ቀን አልጠረጠረም። ሸራው ጥፋት አልነበረበትም፤ የሁለት ሰው ሸክም ተሸክሞ ነው የተቃጠለው። ያ ቀን ሥራዬን ለወጠው፤ ከዚያ ወዲህ ዋናው መኪና ሸራ በላ ብሎ ለሚመጣ ሰው የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ተሳቢህን ማን ለካው?» የሚል ነው።

ችግር ፍለጋ የሚጀመረው ከቱቦዎቹ ነው። በአውሮፓ ሥሪት መኪኖች ቀዩ ቱቦ የተሳቢውን ታንክ ይሞላል፣ ቢጫው ደግሞ የፔዳሉን ትእዛዝ ያደርሳል። ቀዩን ስታላቅቁት ተሳቢው በራሱ ፍሬን መያዝ አለበት፤ ካልያዘ ወይ የተሳቢው ቫልቭ ተበላሽቷል ወይ ታንኩ ውስጥ አየር የለም። ቢጫውን ለማየት አንድ ሰው ፔዳሉን ይረግጥ፣ ሌላው ከተሳቢው ጎን ሆኖ ስድስቱም ዘንጎች መውጣታቸውን፣ ፔዳሉ ሲለቀቅም ወዲያው መመለሳቸውን ይይ። በቱቦዎቹ መያዣ ጫፍ ላይ ያለችው ቀለበት ጎማ ካረጀች ከምትገዛበት ሳንቲም በላይ ብዙ ታጠፋለችና ቀይሯት። ሌላም ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ፦ ተሳቢው ዝናብ ላይ ይጎትተኛል ወይም ጎማ ይበላብኛል በሚል ሰበብ የፍሬን ቱቦው በብሎን ተደፍኖ፣ አጀስተሮቹም ሆን ተብሎ ላልተው ያገኘኋቸው ተሳቢዎች አሉ። ይህን ያደረገ ሰው ከፊቱ ያለውን አውቶቡስና ከጎኑ የተቀመጠውን ረዳት አሳልፎ ሰጥቷል፤ ከዚህ ያነሰ ስም ልሰጠው አልችልም።

የአየር መፍሰስን ጆሮ ብቻ አይበቃውም፤ መለኪያም አለው። ታንኮቹ ሞልተው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማዎቹ በታኮ ተይዘው፣ የእጅ ፍሬኑም ተለቆ ሳለ ፔዳሉን አጥብቃችሁ ለአንድ ደቂቃ ያዙ። ተሳቢ ያለው መኪና በዚያች ደቂቃ ውስጥ ከ0.3 ባር በላይ መቀነስ የለበትም። ከቀነሰ የሳሙና አረፋ ይዛችሁ መገጣጠሚያዎቹን ተከተሉ። የታንኮቹን ውሃ በየቀኑ ማፍሰስም ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው፤ የሚወጣው ነገር ወተት የመሰለ ቅባት ከሆነ ኮምፕሬሰሩ ዘይት እያሳለፈ ነውና ቫልቮቹን ከማበላሸቱ በፊት ይታይ።

ከቁልቁለት በኋላ ሜዳ ላይ ስትቆሙ ደግሞ ሙቀት ብዙ ይናገራል። መዳፋችሁን ወደ ታምቡሩ አስጠጉ እንጂ አትንኩት፤ በርቀት ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ያለው ሰው የበለጠ ያውቃል። ከሁሉ የባሰ የሞቀው ጎማ ፍሬኑ ሳይለቅ የቀረ ሊሆን ይችላል፦ መላሹ ሞላ ደክሞ፣ የካሙ ቡሽ ግሪስ አጥቶ ደርቆ፣ ወይም የእጅ ፍሬኑ ሞላ በቂ አየር አጥቶ በከፊል ይዞ። ብዙ ሰው የሞቀውን ጎማ ብቻ ያሳድዳል፤ እኔ የበለጠ የምፈራው ቀዝቃዛውን ነው። አምስቱ ሲሞቁ ስድስተኛው ከቀዘቀዘ እርሱ ምንም ሥራ አልሠራም፤ የእርሱን ድርሻ የሞቁት ናቸው የተሸከሙት።

እንግዲህ ወደ መለካቱ። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፤ ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም በታኮ ወይም በድንጋይ ይያዙ፤ ከዚያ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ፣ ምክንያቱም ተይዞ ሳለ ዘንጉ ቀድሞ ወጥቷልና የምትለኩት ሁሉ ውሸት ይሆናል። ሞተሩን አጥፉና ፔዳሉን ረገጥ ለቀቅ እያደረጋችሁ የታንኩን አየር ከ6.2 እስከ 6.9 ባር መካከል አድርሱት። ከተሳቢው ሥር ግቡና ገፊው ዘንግ ከቻምበሩ ፊት በሚወጣበት ቦታ ላይ በጠመኔ ቀጭን ምልክት አድርጉ። ዘንጉ በጭቃና በግሪስ ስለሚሸፈን መጀመሪያ በጨርቅ ጥረጉት፤ በጭቃ ላይ የተሠመረ ምልክት አብሮ ይንሸራተታል። ከዚያ ጓደኛችሁ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ይርገጥና ይያዝ። ምልክቱ ከቻምበሩ ፊት ምን ያህል እንደራቀ በማስመሪያ ለኩ፤ የዘንጉ ጉዞ ይኸው ነው። ጥሩ የተስተካከለ ጎማ ከወሰኑ በሚገባ ያነሰ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ በአንድ አክስል ላይ ያሉ ሁለት ጫፎችም ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። ጊዜ የሌለው ሹፌር በየማለዳው ፍሬኑ ተለቆ ሳለ አጀስተሩን በእጁ አጥብቆ ቢስበው፣ ዘንጉ በተያያዘበት ቦታ ከ25 ሚሊሜትር በላይ የሚነቃነቅ ከሆነ ማስተካከያ እንደሚፈልግ ያውቃል።

አጀስተሩ በእጅ የሚስተካከል ዓይነት ከሆነ በላዩ ላይ የማስተካከያ ብሎን አለ፤ በብሎኑ ዙሪያም ቆላፊ ቀለበት ይገኛል። ቁልፉን አስገብታችሁ ቀለበቱን ወደ ውስጥ እስከ መጨረሻ ግፉት፤ ካልተገፋ ብሎኑ አይዞርም፣ በግድ ቢዞርም ይላጣል። ከዚያ ስታዞሩ ዓይናችሁ ካሙ ላይ ይሁን፤ ካሙ መዞር ያለበት ፍሬን ሲያዝ በሚዞርበት አቅጣጫ ነው። ወደ ተቃራኒው ከዞረ እያላላችሁ ነው። ሸራው ታምቡሩን እስኪነካ ድረስ አጥብቁ፤ መንካቱን ለማወቅ ታምቡሩን በመዶሻ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት፣ ነጻ ሲሆን እንደ ደወል የሚያስተጋባው ሸራው ሲነካው ድምፁ ይታፈናል። አሁን ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ወደ ኋላ መልሱ። ቁልፉን ስታወጡ ቀለበቱ ወደ ቦታው ብቅ ማለቱን በጣታችሁ ዳስሳችሁ አረጋግጡ፤ ብቅ ያላለ ቀለበት ማለት በንዝረት ራሱን እያላላ የሚሄድ ፍሬን ማለት ነው፤ ወደ ዓባይ በረሃ ከመግባታችሁ በፊት ሥራችሁ ሁሉ ይፈታል። በመጨረሻም እንደገና ለኩ። ሳይለካ የተጠበቀ ፍሬን እንደተስተካከለ አይቆጠርም፤ አንዱን አጥብቆ ሌላውን ላላ አድርጎ መተው መኪናውን ወደ አንድ ወገን ይጎትተዋልና።

ራሱን በራሱ የሚያስተካክለው አጀስተር ላይ ግን ልማዳችንን መተው ይገባናል። ይህ ዓይነት ከወሰኑ ካለፈ ቁልፍ አንስቶ ማጥበቅ በሽታውን ትቶ ትኩሳቱን ማብረድ ነው። የተበላ የማያያዣ ፒን፣ ያለቀ የካም ቡሽ፣ የደከመ መላሽ ሞላ ወይም የላላ መያዣ ሊኖር ይችላል፤ እርሱ ካልተገኘ በእጅ የተጠበቀው በጥቂት ቀን ውስጥ ተመልሶ ይላላል። በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ብሎኑን የሚይዘውን መንጠቆ ሳያላቅቁ ብሎኑን ወደ ኋላ ማዞር የውስጡን ጥርስ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ግዛት ግሌን ሮክ በተባለች ቦታ አንድ ገልባጭ መኪና መቆም አቅቶት በደረሰው አደጋ የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት መርማሪዎች ካገኟቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር፤ መካኒኮቹ ራሳቸውን የሚያስተካክሉትን አጀስተሮች በእጅ ከማጥበቅ አልፈው ዋናውን ችግር አልመረመሩም። ወሰን ያለፈ አጀስተር ስታገኙ መጀመሪያ ፔዳሉን ደጋግማችሁ እስከ መጨረሻ ርገጡና እንደገና ለኩ፤ ራሱን ካልመለሰ ይፈታ፣ ምክንያቱ ይፈለግ።

ማስተካከል የማያድናቸው ነገሮችም አሉ። ከጎማው እምብርት የወጣ ዘይት ወይም ግሪስ የነካው ሸራ ታጥቦ አይድንም፤ የሚያፈሰው ኦይል ሲል (ዘይቱን የሚያግደው ቀለበት) ተቀይሮ የሁለቱም ወገን ሸራ አብሮ መቀየር አለበት። ከ6.4 ሚሊሜትር የሳሳ ሸራ ሥራውን ጨርሷል። የታምቡሩ ስንጥቅ ከሸራው ማረፊያ ስፋት ከግማሽ በላይ ከረዘመ ታምቡሩ ይጣላል።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ፦ የእጅ ፍሬን ሞላ ያለበትን ድርብ ቻምበር በምንም ምክንያት በመንገድ ዳር አትፍቱ። በውስጡ የታመቀው ሞላ ሰው የመግደል ኃይል አለው፤ በመያዣ ብሎኑ ሳይታሰር የተፈታ ቻምበር ክዳኑ እንደ ጥይት ይወረወራል።

ስለ አነዳዱ አጭር ነገር ልበል፤ አሽከርካሪዎቹ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው፣ መሐሉ ላይ ማርሽ አልገባም ካለ መኪናው ባዶ ይንደረደራልና። የሞተር ፍሬን ዋናውን ሥራ ይሥራ፤ ፔዳሉን ሳታቋርጡ ረግጣችሁ አትውረዱ፤ ከመረጣችሁት ፍጥነት ስታልፉ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙና በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ሲል ልቀቁት። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን ዘንጎቹ በወሰናቸው ውስጥ ካሉ ነው።

ባለንብረቶችን ደግሞ የምለምነው አለ። በአብዛኛው ከመኪናው ሥር የሚገባውና ፍሬን የሚያጠብቀው ረዳቱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ያላስተማርነው፣ ማስመሪያ ያልሰጠነው፣ ዕቃው ዛሬ ይድረስ ተብሎ በሚቻኮል መኪና ሥር የተኛ ወጣት ነው። ስድስት ጫፍ ለክቶ ለመጻፍ የሚወስደው ጊዜ አንድ ሰዓት አይሞላም። ለእያንዳንዱ ተሳቢ አንድ ደብተር ግዙለት፤ ቀኑ፣ የጎማው ቦታና የዘንጉ ጉዞ ይጻፍበት። ተሳቢው ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ሲዛወር ደብተሩ አብሮት ይሂድ። በዚህ ሳምንት 38፣ በሚቀጥለው 44፣ ከዚያም 49 የሚል ቁጥር ያየ ሰው የሚመጣውን አስቀድሞ አይቷል፤ ያንን መኪና ቁልቁለት ላይ አይልከውም።

ከዚህ አዳራሽ ኋላ ባለው ግቢ ውስጥ ባለ ሦስት አክስል ተሳቢ ቆሟል፤ አየሩ ሞልቷል፣ ጎማዎቹም ተይዘዋል። ከጫፎቹ በሁለቱ ላይ ሆን ብዬ ጉድለት ትቻለሁ፤ የትኞቹ እንደሆኑ አልናገርም። ጠመኔና ማስመሪያ በሩ ላይ ውሰዱና ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ፤ ረዳቶች ቅድሚያ አላችሁ።